ዐያን ድምፅ የደበቀችበት ቅርጫት

«እናቴን የት ጣልካት?» አለችው።

ጠዋት ነው፤ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ እስኪሞቅ እየጠበቅሁ ነበር። ዐያን በሩ ላይ ቆማለች። ሌላ ጊዜ ስትገባ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞራ «ኤዶ ሮማነ» ብላ ጤናዬን ትጠይቃለች፤ ዓይኗን ወደ ጠጋኙ ወደ ዐብዲረዛቅ የምትሰደው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱንም ሰርቃ። ኤዶ በሱማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሮማነወርቅ ብሎ በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ ጅጅጋ ውስጥ ቀበሌ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን እዚያ መኖሬንም ልብ አላለችም። ሻሿ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ልታነሣው አላሰበችም።

ዐብዲረዛቅ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ገመድ ያያይዝ ነበር። ድንገት ቀና ሲል ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ፤ አላሸውም። የዐያን እናት ኤብላ ከሞተች ዓመት አልፏታል፤ ለልቅሶዋ እኔም ሄጃለሁ። ልጅቷን አእምሮዋን ነክቷታል ብዬ ክው አልኩ።

«ትናንት የአባቴን ኮምፒውተር አጸዳህ። እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች» አለችው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ሺህ ሦስት ነው፤ ፍላሽ ዲስክ እንደ ወርቅ ሐብል አንገት ላይ የሚንጠለጠልበት ዘመን። እኔ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን እሠራለሁ፤ ጥገናው የዐብዲረዛቅ ነው። የደምበል ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ከብት አርቢ፣ ከአንድ ክፍል ኪራይ ቤትና ከንጹሕ ሸሚዝ በቀር በጅጅጋ ምንም የለው። ጎበዝ ነው፤ ጉራውም ትንሽ አይደለም። የከተማችን ንፋስ አቧራውን ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሲሞላው፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ጎሚስታ ቤት ይወስደውና በጎማ መንፊያው አስነፍቶ ያመጣዋል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር የሚያነበንባት ስብከትም አለችው፦ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል የለም በሉት፤ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ሁለተኛውም ሌላ ቤት ይሁን። እኔ በቃኝ እስክል ሰምቻታለሁ።

ዐያን የሐጂ ሺሬ ልጅ ናት። ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ሺሬ፤ ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከደወሌ የሚመጣው ሩዝና ዘይት መጋዘናቸውን ሳይረግጥ የሰው ማጀት አይደርስም የሚባልላቸው። የጉምሩክ ወረቀታቸውን የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ኮፒ ልታስነሣ ትመጣለች። መጋዘናቸው የራሱ ኮፒ ማሽን እንደነበረው ያወቅሁት በኋላ ነው። ምን እንደሚያመላልሳት የማያውቅ ዕውር ብቻ ነው፤ ዕውርም ቢሆን ድምፅዋ ሲለዝብ ይሰማ ነበር።

ዐብዲረዛቅም ከወራት በፊት ጨክኖ ጠየቃት። ወረቀት አልጻፈም፤ እዚህ አገር ቃል የሚከብረው ሲነገር ነው። ድምፁን በስልኩ ቀርጾ፣ እሷ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮፒ ስትጠብቅ፣ በብሉቱዝ ላከላት። ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲቀሉ አላየሁም? አየሁ እንጂ፤ ላሚኔሽኑ እስኪያርብኝ ነው ያየሁት። ዐያን ብድግ ብላ ወጣች። መልስ ግን አልመጣም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ አልመጣም። ቀጥሎ የሰማነው ሐጂ ሺሬ ለአንድ የደወሌ ነጋዴ ወንድ ልጅ ሊድሯት ቃል እንደሰጡ ነው። «ናቀችኝ፣ ኤዶ» አለኝ ዐብዲረዛቅ፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን አንሥቶ አያውቅም።

አሁን ሠርጉ ቀርቧል፤ ከረመዳን በፊት ያልቃል ተብሏል። ትናንት ደግሞ የመጋዘኑ ኮምፒውተር እንደ ሽማግሌ አህያ አልሄድም አለና ዐብዲረዛቅ ተጠራ። ሊቀር ነበር፤ ሥራ ሥራ ነው ብዬ ገፍቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ዐያን አልነበረችም። ኮምፒውተሩ የታመመው ከጥጋብ ነው፤ የአጎቷ ልጆች ፊልምና ኳስ እየጫኑ አጨናንቀውታል። እሱም እንደ ልማዱ አቧራውን አስነፋ፣ ኮተቱን ጠረገ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አደረገ። ፋይል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚገባበት የቆሻሻ ቅርጫት ነው፤ ቅርጫት ደግሞ ይደፋል። ማንም የጥገና ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዐያን እናቷን ያስቀመጠችው እዚያ ቅርጫት ውስጥ ነበር።

ኤብላ በበሽታ ስትደክም ለልጇ ሠርግ እንደማትደርስ አወቀች። እዚህ ሴት ልጅ ስትዳር ሴቶች ተሰብስበው ቡራምቡር ይገጥማሉ፤ እናት ያልገጠመችላት ሙሽራ ግማሽ ሙሽራ ናት። ኤብላም ለልጇ ያላትን ሁሉ በስልክ ገጥማ ቀረጸችላት። ስልኩ ኋላ ተበላሸ፤ ዐያን ቀድማ ገልብጣው ነበርና ድምፁ የቀረው በመጋዘኑ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሐጂ ሺሬ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ፎቶዋን እንኳ ማየት አልችልም ብለው ከግድግዳው አስወርደዋል፤ ዐያንም ድምፁ መኖሩን አልነገረቻቸውም። የአጎቷ ልጆች ቦታ ባነሳቸው ቁጥር በየፎልደሩ እየገቡ የሌላውን ፋይል ያጠፋሉ። የማይነኩት ቦታ አንድ ብቻ ነበር።

ዐብዲረዛቅ ይህን ሁሉ ከአፏ ቆሞ ሰማ።

«ዐያን፣ ቆሻሻ ውስጥ?» አላት።

«ቆሻሻ ማንም ስለማይነካ ነው» አለችው። «አንተ ትነካዋለህ ብዬ አላሰብኩም።»

ይህን ስትለው ልቡ ሲሰበር የሰማሁ መሰለኝ። አላውቅም ነበር አላለም፣ ሥራዬ ነው አላለም። እውነቱን ለመናገር፣ ቅርጫቱ ሲሞላ የቆየውን ራሱ እየጣለ ነው የሚሄደው፤ እስካሁን መቆየቷም ዕድል ነው። ይህንንም የነገረኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ ያን ሰዓት አንድም ማመካኛ አልወጣውም። ድንገት ግን ቀና አለና ኮምፒውተሩ አሁን ክፍት መሆኑን ጠየቃት። ልጆቹ ጠዋት ሲከፍቱት አይታለች፤ ቦታ ተገኘ ብለው ደስ ብሏቸው ፊልም ሊጭኑ።

እጇን ይዞ ሊያስነሣት ሲል ሐራም መሆኑ ትዝ አለውና እኔን አየኝ፤ እኔ አነሣኋት። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሦስታችንም ባጃጅ ላይ ተጫንን። መንገድ ላይ ዐብዲረዛቅ ነገሩን አስረዳን። የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም። ስሙ ተፍቆ ቦታው ባዶ ነው ይባላል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቷል። አሁን ግን በኤብላ ላይ ፊልም እየተጫነባት ነው። ባጃጅ ነጂው ዞሮ አየንና ሳንነግረው ፈጠነ።

መጋዘኑ ስንደርስ ልጆቹ ፍላሽ ሰክተው፣ የመጫኛዋ አረንጓዴ መሥመር እየገፋች ነበር። ዐብዲረዛቅ ሰላም ሳይል፣ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉን ረግጦ ሄዶ የኮምፒውተሩን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለው። ሐጂ ሺሬ ከመደባቸው ተነሡ። እኚያን ሰውዬ ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላደረጉ፤ ትናንት የተከፈለው ልጅ ዛሬ ቤታቸው ገብቶ የሚያብደው ለምን እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ዐያን አባቷን አቦ ነው የምትላቸው።

«አቦ፣ የእናቴ ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ» አለች።

ሐጂ ሺሬ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እጃቸው መቁጠሪያቸውን ፈለገ፤ ጉልበታቸው ላይ ነበር፣ አላገኙትም። የማን ድምፅ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሁለቴ ነገረቻቸው። ዐብዲረዛቅ ሣጥኑን አቅፎ ሲወጣ ዱላቸውን ይዘው ከኋላችን ተከተሉን።

የሱቄን በር ዘግቼ ሰው እንዳይገባ ገመድ አሰርኩ። ዐብዲረዛቅ ዲስኩን ከሣጥኑ ፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በጎን ሰካው፤ በራሱ ላይ መሥራት የተኛውን መርገጥ ነው አለ። የጠፋ ፋይል የሚፈልገውን ፕሮግራም ከፈተ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሐጂ ሺሬ በደንበኛ ወንበር ላይ፣ ዐያን ከእኔ አጠገብ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን። ሻይ አስመጣሁ፣ ማንም ሳይቀምሰው ቀዘቀዘ። መብራት ኃይልን ስረግም የኖርኩ ሴት ያን ቀን ለመብራት ስለት ተሳልኩ።

መሃል ላይ ሐጂ ሺሬ ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊጠፋ እንደቻለ ጠየቁ። እሱም ሳይዞር ያችን ስብከቱን አላቸው፤ አንድ ቦታ ብቻ ስለነበረ ነው፣ ሁለት ቦታ መቀመጥ ነበረበት፣ ሁለተኛውም ሌላ ቤት። ሌላ ጊዜ ሲላት እንደ መምህር ነበር። አሁን እንደ በደለኛ ነው የተናገራት።

ፋይሎቹ ተዘረዘሩ። ስማቸው ግን የለም፤ ሁሉም በቁጥር ብቻ ተሰልፈዋል። ከጠፉ በኋላ ስማቸው አይመለስም ማለት ነው። የቱ ኤብላ እንደሆነች ለማወቅ እየከፈቱ መስማት ግድ ሆነ። ይህን ሲናገር ዐያን ብድግ አለች። «ከፍተህ አትስማ። ስጠኝና ቤት ወስጄ እሰማዋለሁ» አለች። አጉል ፈራች ብዬ ተናደድኩባት። ሐጂ ሺሬ ደግሞ የሚስቴ ድምፅ የሚደበቅ ነገር የለውም፣ ክፈት አሉ። ዐብዲረዛቅም ድምፅ የያዙትን ፋይሎች ሁሉ ባንድ ሰልፍ አድርጎ አጫወታቸው።

የመጀመሪያው የስፖርት ዘጋቢ ጩኸት ነበር፤ ዘለለው። ሁለተኛው ያኔ በብሉቱዝ የላከላት፣ የራሱ የዐብዲረዛቅ ድምፅ ሆኖ ወጣ። «ዐያን» ይላል፤ እንደዚያ ስሟን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም፤ ጠብታ እንዳይፈስበት ሙሉ ብርጭቆ እንደሚይዝ ሰው። በፍጥነት ዘለለው፣ ግን ያለፈው አልፏል። የሚቀጥለው ተከፈተ። የዐያን ድምፅ ነው። በሱማሊኛ ነው የምትናገረው፤ እኔ በራሴ ቋንቋ ልድገመው።

«ዐብዲረዛቅ፣ መልሴ እሺ ነው። ከመጠየቅህ በፊትም እሺ ነበር። ግን አባቴን ምን አድርጌው ልምጣ? እናቴ ከሞተች ወዲህ እህል የሚቀምሰው እኔ ፊቱ ስቀመጥ ነው። ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። አንተን ከናቅሁህ ዓይኔ ይፍሰስ።»

ዐብዲረዛቅ ማውሱ ላይ እጁ ደርቆ ቀረ። ቀጣዩ ቀጠለ፤ እሷው ናት፣ ትጀምርና «አይ፣ እንዲህ አይባልም» ብላ ታቋርጣለች። ቀጥሎ ሌላ፤ የመጋዘን በር ሲዘጋ ይሰማል፣ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «እሺ» ብቻ። ያን ሁሉ ወር ዝም አለችኝ ሲል፣ ልጅቷ ቀን ከቀን ስትመልስለት ኖራለች። መልሷን ቀርጻ፣ መላክ አቅቷት፣ ከእናቷ ጎን ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። እሱም ትናንት በገዛ እጁ ደፍቶት መጥቷል። ዞሮ አያት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሰውን ሲያይ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አላየሁም፤ ዓይኔን የምጥልበት አጣሁ።

ሐጂ ሺሬ ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ልጃቸውንም እሱንም አላዩም፤ ዱላቸውን ጨብጠው ወደ በሩ ሄዱ፣ ያሰርኩትን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ዐያን «አቦ» አለች፤ አልዞሩም። አለቀ አልኩ በሆዴ፤ ነገ ጠዋት ወደ ደወሌ ይጭኗታል፣ ይህም ልጅ ተመልሶ ሰው አይሆንም። ገመዱን ያጠበቅሁት እኔ ነኝና እንዳልፈታላቸው እጄን ወደ ኋላ ያዝኩ።

ሰልፉን ያቆመው ሰው አልነበረም። ቀጣዩ ራሱ ተከፈተ።

መጀመሪያ ሳል ነው። ከዚያ እጅ ጉልበት ላይ ምት ሲመታ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ኤብላ።

«ዐያን ልጄ፣ በሠርግሽ ቀን ቦታዬ ባዶ ከሆነ፣
ድምፄን ከሴቶቹ መሃል አስቀምጪው፣ ወንበር አይሻማም።
የሚነዱልሽን ግመል አትቁጠሪ፣ ግመል ግጦ ይሄዳል፣
ስምሽን የሚጠራበትን ድምፅ ስሚ፣ አብሮሽ የሚያረጀው እሱ ነው።
አባትሽ ቢቆጣ አትደንግጪ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣
መጀመሪያ ይቆጣል፣ ኋላ ይሰማል።»

የመጨረሻዋን ስንኝ ስትል ሳቀች። ያ የታወቀ የኤብላ ሳቅ፣ ሳል ሰብሮት፣ መልሶ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሐጂ ሺሬ በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። ገመዱ በእጃቸው ላይ ነው። ዐያን መሬት ላይ ተቀምጣ ሻሿን አፏ ውስጥ ከታለች። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ እንኳ ከሌላ አገር የመጣ መሰለኝ።

«መልሳት» አሉ ሐጂ ሺሬ፣ ሳይዞሩ።

ዐብዲረዛቅ የኤብላን ድምፅ ሊመልስ ተንደረደረ።

«እሷን አይደለም። እሷ ያለችውን ሰምቻለሁ። ልጄን መልሳት።»

ዐብዲረዛቅ የዐያንን ድምፅ መልሶ ከፈተው። «መልሴ እሺ ነው» አለች ዐያን ከኮምፒውተሩ፤ ያችው ዐያን መሬት ላይ ፊቷን ሸፍናለች። ሐጂ ሺሬ አሁን ዞረው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። «እህል የሚቀምሰው እኔ ፊቱ ስቀመጥ ነው» የሚለው ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲያልቅ መጥተው ልጃቸው አጠገብ ቆሙ።

«ይህን ቆሻሻ ውስጥ የጣለው ማነው?» አሏት፣ ለስለስ ብለው።

«አልጣልኩትም፣ አቦ። የምሳሳለትን ሁሉ የማስቀምጠው እዚያ ነው።»

የደወሌ ሰዎች የተከበሩ ናቸው አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ። የሰጡትን ቃል በስልክ የሚመልሱ ሰው እንዳልሆኑም ተናገሩ፤ ራሳቸው ሄደው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የሚመጣውን ቁጣ ይቀበላሉ፤ ይህ የእሳቸው ዕዳ ነው። ዐብዲረዛቅ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባውም፤ ኮምፒውተር የሚገባው ሰው ሌላ ነገር እስኪገባው ጊዜ ይፈጃል። ተነሥቶ በእጁ እንዳጠፋው፣ ይቅርታ የሚጠይቅበት አፍ እንደሌለው መናገር ጀመረ። ሐጂ ሺሬ በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ነካ አድርገው አስቆሙት።

«ሁለተኛው ሌላ ቤት ይቀመጥ አላልከኝም?»

«ብያለሁ፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው የኤብላን ድምፅ አንዱን ለእኔ ቤት አድርግልኝ። ሁለተኛውን አንተ ቤት አስቀምጠው። ልጄ እናቷን መስማት ስትፈልግ ከቤቷ መውጣት የለባትም።»

ቀድማ የገባት ዐያን ናት። ከመሬት ተነሥታ የአባቷን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገች፤ አልለቀቀችውም። እኔ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞሬ በቀሚሴ ጠርዝ ዓይኔን እየጠረግሁ ሻዩ ስለቀዘቀዘ ሁላቸውንም ተቆጣሁ። ዐብዲረዛቅ ግን መሳቢያዬን ስቦ፣ ወረቀቴን እየገለባበጠ ፍላሽ ይፈልጋል፤ አጣሁ፣ ኤዶ፣ አጣሁ ይለኛል፣ እንባው እየወረደ፣ ፍላሹ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ።